ገንዘቡ ለእስረኛ፣ ስሙ ለተማሪ፦ በካነን ኮሊንስ ስም የተቋቋመው ትረስት የጉዳይ ጥናት

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለዚህም ነው አንድ የተወደደ ታጋይ ሲያርፍ ወዳጆቹ በስሙ ድርጅት ለማቋቋም የሚሯሯጡት። ማቋቋሙ አይከብድም። ፎቶ ይሰቀላል፣ ሻማ ይበራል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ገንዘብም ይዋጣል። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። እንግዳው ከተበተነ በኋላ ድርጅቱ ምን ይሠራል? ገንዘቡን ለማን ይሰጣል? ሟቹን የማያውቅ ትውልድ ሲመጣስ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለማየት አንድ ድርጅት መርጫለሁ። ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የካነን ኮሊንስ ትረስት ነው (ትረስት ማለት ለአንድ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብን በአደራ የሚያስተዳድር ድርጅት ነው)። ስሙን የወሰደው አፓርታይድን በመቃወም ከታወቁት እንግሊዛዊ ቄስ፣ ከጆን ኮሊንስ ነው። ካነን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የካቴድራል ካህን ማዕረግ ነው። እኔ የአንድ መሪ ውርስ ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። በስሙ የሚቋቋም ድርጅትም ከምንም በፊት ያንን አሠራር ሊወርስ ይገባል። ኮሊንስ ደግሞ የሚወረስ አሠራር ትተው ያለፉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ስለ ትረስቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ሰውየው ሥራ በሰፊው መናገር አለብኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሊንስ በ1905 ኬንት ውስጥ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ የጦር ቄስ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ በ1946፣ ክርስቲያን አክሽን የሚባል ማኅበር መሠረቱ። በ1948 የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካነን ሆኑ። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናሽናል ፓርቲ ምርጫ አሸንፎ አፓርታይድን የመንግሥት ሕግ ማድረግ ጀመረ።

በ1952 ጥቁሮች፣ ሕንዶችና ጥቂት ነጮች የዘር መለያየት ሕጎችን ሆን ብለው በመጣስ ከ8 ሺህ በላይ ሆነው ታሰሩ። ኮሊንስ ለእስረኞቹ ቤተሰቦች ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። በ1954 ራሳቸው ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሁኔታውን በዓይናቸው አዩ።

ትልቁ ፈተና በታኅሣሥ 1956 መጣ። መንግሥት 156 ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። አልበርት ሉቱሊ፣ ኔልሰን ማንዴላ፣ ዋልተር ሲሱሉና ኦሊቨር ታምቦ ከተከሳሾቹ መካከል ነበሩ። ክሱ በሞት ሊያስቀጣ ይችል ነበር። የፍርድ ሂደቱ እስከ መጋቢት 1961 ተጎተተ፤ በመጨረሻም የቀሩት ተከሳሾች በሙሉ በነጻ ተለቀቁ።

ነጻ መባሉ ጥሩ ነው። ግን አራት ዓመት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ሥራው ምን ይሆናል? ማንዴላና ታምቦ ጆሃንስበርግ ውስጥ የነበራቸው የጥብቅና ቢሮ በዚያ ጊዜ ተፈታ። ጠበቆች ሆነው እንዲህ ከሆኑ፣ ሾፌሩና የፋብሪካ ሠራተኛው እንዴት እንደኖሩ መገመት አያዳግትም። ኮሊንስ ገና ክሱ እንደተሰማ ጥሩ ጠበቆች እንዲያዙ፣ ገንዘቡንም እሳቸው ለንደን ሆነው እንደሚያሰባስቡ ቃል ገቡ። ቃል ሲገቡ ገንዘቡ በእጃቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሥራቸው በሙሉ በሁለት ነገር ላይ ቆመ፦ ለተከሳሹ ጠበቃ፣ ለቤተሰቡ ዳቦ። አንዱን ብቻ መስጠት አይበቃም። ሚስቱ የቤት ኪራይ አጥታ ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ እንደወደቀች የሚያውቅ እስረኛ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ጠበቃ ቢቆምለት ልቡ ይሰበራል። እድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለሐዘንተኛው ቤትም እንደሚደርሰው፣ ኮሊንስ ለዚህ ሥራ ያቋቋሙት ፈንድም ከችሎቱ አልፎ እስከ ጓዳው ይደርስ ነበር።

መንግሥትን በኃይል ለመጣል አሲረዋል ተብለው በተከሰሱበት፣ በ1963 እና በ1964 ፕሪቶሪያ ውስጥ በተካሄደው የሪቮኒያ ችሎት የእነ ማንዴላን የጥብቅና ወጪ የሸፈነው ይኸው ፈንድ ነው። እዚህ ላይ አገራችን ትገባለች። ማንዴላ በ1962 ከአገራቸው በድብቅ ወጥተው አዲስ አበባ መጥተዋል፤ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕም ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው ነሐሴ 5 ቀን 1962 ሲያዙ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ያለ ሕጋዊ ሰነድ ከአገር መውጣት ነበር። ለዚያና ሕዝብን ለአድማ ለመቀስቀስ አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። አፍሪካን ሲዞሩና ሲሠለጥኑ የያዟቸው ማስታወሻዎችም ሪቮኒያ ላይ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። ኮልፌ የተማሩት ነገር ፕሪቶሪያ ችሎት ላይ ተነበበባቸው፤ እሳቸውን ለሚከላከሉት ጠበቆች ደግሞ ለንደን ከፈለች። ሰኔ 12 ቀን 1964 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ብዙ ሰው የጠበቀው ስቅላት ነበር።

በዚሁ በ1964 ሥራው ከእንግሊዝ ወጥቶ ዓለም አቀፍ የመከላከያና የእርዳታ ፈንድ ሆነ። ስዊድን ከመንግሥት ካዝናዋ መስጠት ጀመረች፤ ለብዙ ዓመታትም ዋነኛዋ ለጋሽ ሆና ቆየች። በ1965 የተባበሩት መንግሥታት ለደቡብ አፍሪካ እስረኞች የሚሆን ትረስት ፈንድ አቋቋመ።

የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ይህን ዝም ብሎ አላየም። በመጋቢት 1966 ፈንዱን ኮሙኒዝምን ለመግታት ባወጣው ሕግ አገደው። ከዚያ ወዲህ ከፈንዱ አንድ ሳንቲም መቀበል፣ ለፈንዱም አንድ ደብዳቤ መጻፍ ያሳስራል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናሚቢያን በያዘችው በደቡብ አፍሪካ ላይ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የመሠረቱት ክስ ውድቅ ሆነ። የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ፣ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ የመክሰስ መብት የላቸውም ተባለ። ስድስት ዓመት የፈጀ ሙግት ነበር። በ1966 የሕጉ በር ከሁለቱም በኩል ተዘጋ ማለት ይቻላል።

አሁን የጉዳዩ እምብርት ጋ ደርሰናል። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊረዳቸው የሚፈልጋቸውን ሰዎች መርዳት ወንጀል ሲሆን ምን ያደርጋል? ኮሊንስ ሥራውን ማቆም ይችሉ ነበር። በአደባባይ እየጮኹ እንደ ቀድሞው መላክም ይችሉ ነበር፤ ግን ያ ተቀባዮቹን ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሦስተኛውን መንገድ መረጡ። ፈንዱ ለንደን ላይ በይፋ ቆሞ ይናገራል፤ ገንዘቡ ግን ከፈንዱ ጋር ምንም ግንኙነት በማይታይበት መንገድ ይጓዛል።

መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው ለጠበቃ የሚከፈለው ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ጠበቃ ደብዳቤ የሚደርሰው ከአንድ የተከበረ የለንደን የሕግ ቢሮ ነው። ደብዳቤው አንድ ደንበኛችን በዚህ ክስ ላይ ፍላጎት ስላለው ወጪውን ይሸፍናል ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ነገር በትረስቶችና በባንክ ሒሳቦች ተሸፍኗል። የፀጥታ ፖሊስ የጠበቃውን ቢሮ ቢበረብር የሚያገኘው ሕጋዊ ደብዳቤ፣ ሕጋዊ ክፍያና ደረሰኝ ብቻ ነው። ፈንዱ ውስጥ ሥራውን ሲመሩ የነበሩት ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱት የሠራተኛ ማኅበር ሰው ፊሊስ አልትማን ናቸው። የለንደኑ የሕግ ባለሙያ ዊልያም ፍራንክል ደግሞ ምስጢሩን ፈንዱ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቁ። ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው! ክብር ፈልገው ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርጉም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የእኔን ልብ የያዘው ነው። እንግሊዝና ሌሎች አገሮች ውስጥ ያሉ ተራ ሰዎች ለእስረኛ ቤተሰብ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ የቤት እመቤት። እያንዳንዳቸው የተወሰኑ ቤተሰቦች ይሰጧቸዋል። ጸሐፊዋ በራሷ እጅ ትጽፋለች፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጓሮ አበባዋ። ፖለቲካ አይነሳም። ከደብዳቤው ጋር የፖስታ ሐዋላ አለ። ገንዘቡ ከፈንዱ ይመጣል፤ ለሚያየው ሰው ግን የአንዲት ደግ እንግሊዛዊት ስጦታ ነው። የፖስታ ሳንሱር የሚያደርገው ፖሊስ ከፍቶ ቢያነብ የሚይዘው ነገር የለም።

እናትየዋ መልስ ትጽፋለች። ገንዘቡ ደርሷል፣ የቤት ኪራይ ተከፍሏል፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ልብስ ተገዝቷል ትላለች። ባለቤቷ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው መዛወሩን፣ ወይም መታመሙን፣ ወይም የፖለቲካ እስረኞች ወደሚታሰሩባት ሮበን ደሴት ሄዳ ልትጠይቀው የጉዞ ገንዘብ መቸገሯን ትጽፋለች። ያ መልስ ዞሮ ዞሮ ለንደን ቢሮ ይገባል። አንድ ወረቀት ስንት ሥራ እንደሠራ አስቡት። ደረሰኝ ነው፤ ገንዘቡ ለትክክለኛው ሰው መድረሱን ያሳያል። የችግር ጥናት ነው፤ ቀጣዩ እርዳታ ምን መሆን እንዳለበት ይናገራል። የመረጃ ምንጭ ነው፤ ማን የት እንደታሰረ ይታወቅበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ብቸኛ ሴት የሚያስባት ሰው እንዳለ የምታውቅበት ነው። ዛሬ ረጂ ድርጅቶች ቅጽ አስሞልተው የሚያገኙትን እነዚህ ሰዎች በሰላምታ ደብዳቤ አገኙት። የተረጂዋ ክብርም አልተነካም። እርዳታ ለማግኘት ድህነቷን ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ለወዳጅ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ።

ሌላም ደንብ ነበር። ፈንዱ የፓርቲ መታወቂያ አይጠይቅም። የማንዴላ ድርጅት የኤኤንሲ አባል ቢሆን፣ ከኤኤንሲ ተገንጥሎ የወጣው የፒኤሲ ቢሆን፣ የጥቁር ንቃት የተባለው እንቅስቃሴ ተማሪ ቢሆን፣ በአፓርታይድ ሕግ ከተከሰሰ ጠበቃ ያገኛል። የናሚቢያና የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) እስረኞችም ይረዱ ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በስደት ፖለቲካ ውስጥ የኖረ ሰው ግን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቀዋል። እኛ ዲያስፖራ ውስጥ በአንድ ታጋይ ስም የሚቋቋሙ ማኅበራት ስንቶቹ ናቸው የሌላውን ወገን እስረኛ የሚረዱ? ይህን የምለው በቁጭት ነው። ደንቡ ለፈንዱ የሰጠው ጥቅም ትልቅ ነበር። ስዊድንንና ሌሎች መንግሥታትን የመሰሉ ለጋሾች ያለ ስጋት መስጠት የቻሉት ገንዘቡ ለአንድ ፓርቲ ሳይሆን ለተከሰሰ ሰው እንደሚውል ስላመኑ ነው።

ምስጢራዊነቱ ዋጋም ነበረው። ለጋሽ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደገባ ማየት አይችልም። ሁሉም ነገር ጥቂት ሰዎችን በማመን ላይ ቆሟል። ከመካከላቸው አንዱ ሰላይ ቢሆንስ? ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም። ጄኔቫ ውስጥ ለስደተኛ ተማሪዎች የሚሠራ ሌላ ድርጅት ነበር፤ ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ልውውጥ ፈንድ ይባላል። ክሬግ ዊሊያምሰን የሚባል የደቡብ አፍሪካ የፀጥታ ሰው ሠርጎ ገብቶ እስከ ምክትል ዳይሬክተርነት ደረሰ። በጥር 1980 ተጋለጠ፤ ድርጅቱም ከዚያ በኋላ አላገገመም። የኮሊንስ ፈንድ ተረፈ። የሕግ ክፍያው መንገድና የደብዳቤው መንገድ ተለያይተው መሠራታቸው፣ ሁሉን ነገር የሚያውቀው ሰውም ጥቂት መሆኑ ረድቶታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ። ያ ምስጢር የተፈጠረው ተቀባዮቹን ከእስር ለመጠበቅ ነው። ዛሬ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ላይ የተመዘገበ የመታሰቢያ ድርጅት ሒሳቡን ለአባላቱ ላለማሳየት ይህን ታሪክ መጥቀስ አይችልም። የኮሊንስ ሰዎች በዚያ ሁሉ ድብቅነት ውስጥ እንኳ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ መልስ ይጠብቁ፣ የጠበቆቹንም ሒሳብ ይመረምሩ ነበር።

ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው የጥቁሮች መኖሪያ በሶዌቶ ከተነሳው የ1976ቱ የተማሪዎች አመፅ በኋላ እስሩና ክሱ በረታ፤ የፈንዱም ሥራ አብሮ በዛ። ኮሊንስ ታኅሣሥ 31 ቀን 1982 አረፉ። ሊቀ ጳጳስ ትሬቨር ሃድልስተን ተተክተው ፈንዱን መሩ። በ1990 እገዳው ተነሳ፤ ማንዴላም ተፈቱ። ፈንዱ እስከዚያ ጊዜ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ለእስረኞች ጥብቅናና ለቤተሰቦቻቸው አውሏል።

ከዚያ በ1991 ፈንዱ ራሱን ዘጋ። ይህ የሚደነቅ ውሳኔ ይመስለኛል። ስም አለው፣ ለጋሽ አለው፣ ሠራተኛ አለው፤ አዲስ ዓላማ ፈልጎ መቀጠል አያቅተውም ነበር። ግን የተቋቋመው ጠበቃ ለተነፈገ ሰው ጠበቃ ለመግዛት ነው። አሁን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች በግልጽ መሥራት ስለሚችሉ ሥራውን ለባለቤቶቹ አስረክቦ ወጣ። ፎቶግራፎቹና ሰነዶቹም ዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የማይቡዬ ማዕከል ተላኩ። ለመታሰቢያ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የተረዱት ሰዎች ልጆች ሄደው ሊያነቡት ይችላሉ።

ታዲያ የኮሊንስን ስም ማን ያዘ? ትረስቱ ነው። በ1981፣ ኮሊንስ በሕይወት እያሉ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከናሚቢያ የተሰደዱ ወጣቶችን ለማስተማር ነው የጀመረው። ሐሳቡ አርቆ ያየ ነበር። አፓርታይድ አንድ ቀን ይወድቃል፤ በወደቀ ማግስት መሐንዲስ፣ ኢኮኖሚስት፣ የሕግ ሰው፣ መምህር ያስፈልጋል። ለጥቁሮች ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ትምህርት ሲሰጥ በኖረበት አገር እነዚህን ሰዎች በአንድ ቀን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ፈንዱ እስረኛውን ሲጠብቅ፣ ትረስቱ ለሚመጣው ዘመን ሰው ያዘጋጅ ነበር።

በእንግሊዝ ሕግ አንድ ድርጅት ዓላማው ፖለቲካዊ ከሆነ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት አይመዘገብም። ትምህርት መስጠት ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የበጎ አድራጎት ዓላማ ነው። በነጻነት ታጋይ ስም ድርጅት ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል። የሟቹን የፖለቲካ ፕሮግራም ማስቀጠል አይፈቀድለትም፤ ሟቹ ይቆረቆሩለት የነበረውን ሕዝብ ማስተማር፣ ከችግር ማውጣት፣ በሕግ ፊት እንዲሟገት መርዳት ግን ይችላል።

አፓርታይድ ሲወድቅ ትረስቱም ተፈተነ። የሚማሩት ስደተኞች ወደ አገራቸው ገቡ። በ1994 ምርጫ ሲካሄድ ብዙ የምዕራብ ለጋሾች ድል ሆነ ብለው ዞር ማለት ጀምረዋል። ትረስቱ እንደ ፈንዱ አልተዘጋም፤ ልክም ነበር ብዬ አስባለሁ። ሕጉ በአንድ ምርጫ ይለወጣል፤ የትምህርት ጉድለት ግን ትውልድ ይፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ዕድሉን ከስደተኞች አልፎ ለደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ከፈተው። መጀመሪያ ትኩረቱ እንግሊዝ መጥቶ መማር ላይ ነበር። ኋላ ግን በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩም መክፈል ጀመረ። አንድ ተማሪ ለንደን ለማስተማር በሚወጣው ገንዘብ እዚያው አካባቢ ከአንድ በላይ ተማሪ ማስተማር ይቻላል፤ የተማረው ሰውም ከሚሠራለት ሕዝብ አይርቅም። ቆይቶ ለሕግ እርዳታ ይሠራ ከነበረ ሌላ ትረስት ጋር ተዋህዷል። ጠበቃና ትምህርት እንደገና አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ለአፍሪካውያን የሚሠራ ድርጅት ለምን በአንድ ነጭ እንግሊዛዊ ቄስ ስም ይጠራል? ዛምቢያ ሉሳካ ወይም ሌሶቶ ማሴሩ ያለ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ኮሊንስን ላያውቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በበኩሌ ስሙ እንዲቆይ እመርጣለሁ። ፈንዱ ከተከሳሾቹ አንዳች ሳይጠብቅ ከፍሏል፤ ለንደን ላይ ሆኖ ትግሉን ልምራ አላለም። ውሳኔው የተከሳሾቹና የድርጅቶቻቸው ነበር። ከውጭ ሆኖ የሚረዳ ሰው እንዴት መርዳት እንዳለበት ያስተማረ ስም ነው። ተማሪው ይህን እንዲያውቅ ማድረግ ግን የትረስቱ ግዴታ ነው። ካልነገሩት ስሙ የቼክ ራስጌ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ስል ሐውልትንና የጎዳና ስያሜን መናቄ አይደለም። ግላስጎው በ1981 ለማንዴላ የከተማዋን የክብር ዜግነት ሰጠች። በ1986 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ቆንስላ ያለበትን አደባባይ የኔልሰን ማንዴላ አደባባይ ብላ ሰየመችው። የአፓርታይድ መንግሥት ቆንስላ አድራሻ በእስረኛው ስም ተጠራ! ያ ስያሜ ያን ጊዜ ሥራ ሠርቷል። በ2007 ለንደን ፓርላማ አደባባይ ላይ የማንዴላ ሐውልት ሲቆም ማንዴላ ራሳቸው ተገኝተዋል። እነዚህ ለከተማው ሕዝብ ትልቅ ነገር ናቸው። የሚያሳስበኝ ለሐውልት የሚሰበሰብ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ለተማሪ ከሚሰበሰበው ይልቅ ቶሎ መሙላቱ ነው። ሐውልት ይመረቃል፤ ለጋሹም ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ለአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ክፍያ የሰጠ ሰው ይህን አያገኝም።

ትረስቱ ዛሬም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ለትምህርት ዕድሉ የሚያመለክተው ወጣት ብዙ ነው፤ ገንዘቡ ውስን ነው። ስለዚህ ውጤት ብቻ አይበቃም። አመልካቹ ለማኅበራዊ ፍትሕ ምን እንደሠራና በትምህርቱ ምን ሊለውጥ እንዳሰበ ይታያል። ያለፉት ተማሪዎችም ተመርቀው አይበተኑም፤ እርስ በርስ የሚገናኙበትና አዳዲሶቹን የሚያግዙበት መረብ አላቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ሆነዋል። ከመካከላቸው ጠበቆች፣ ተመራማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ፤ የትረስቱ ቀጣይ ምሰሶ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው።